በግዝት የቆመ ደን፦ ከባህር ዳር እስከ ዘጌ፣ ከዘጌ እስከ ገጠሩ አጥቢያ

ሐሙስ፣ ባህር ዳር

የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ የመጣችው ገንዘብ ይዛ ነው። አባቷ ትተውላት ያለፉት ነው። ሰውዬው ጣና ዳር ተወልደው ያደጉ ስለነበሩ በስማቸው አንድ ነገር ልትሠራ ቆርጣ መጥታለች። ትምህርት ቤት አይደለም፤ የውሃ ጉድጓድም አይደለም። ደን ማዳን ነው የምትፈልገው። እኔ አገር አሳይ ተብዬ ከአዲስ አበባ አብሬያት በረርኩ።

ባህር ዳር ያው ናት። ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ብስክሌቱ። ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን አስተናጋጁ መጣ። ታህሳስ ነው፤ ጾመ ነቢያት። «አሳ ነው ወይስ ሽሮ?» አለን። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ይህች ከተማ ድሮ የዘጋችው ይመስለኛል፤ ዙሪያችን ያለው ጠረጴዛ ሁሉ የተጠበሰ ቆሮሶ ተደርድሮበታል።

አሳው እስኪመጣ ሐሳቧን ዘረዘረችልኝ። አሜሪካ ውስጥ መሬቱ ሕንፃ እንዳይበላው የሚፈልግ ገበሬ ከአንድ የመሬት ጥበቃ ድርጅት ጋር ውል ይፈራረማል። መሬቱ የእሱ ሆኖ ይቀራል። ያርሰዋል፣ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል። ቤት የመሥራትና የመሸንሸን መብቱን ግን ለዘለዓለም ትቶታል። የሚገዛውም ሰው የሚገዛው ከነገደቡ ነው። ድርጅቱ በየጊዜው እየሄደ ውሉ መከበሩን ያያል፤ መንግሥት ደግሞ ለሰጪው ግብር ይቀንስለታል። መሬቱን እንዳለ የሚለግስም አለ። የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1891 በማሳቹሴትስ የተቋቋመ ነው።

«እና እዚህ አንድ አሥር ሄክታር ገዝቼ ብዘጋውስ?» አለችኝ።

አይቻልም እቴ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት ነው ያለው፤ ለዚያም የይዞታ ደብተር ይሰጠዋል። የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ግን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ይለያል። ስለዚህ አንድ አካባቢ ያለ ሕዝብ ደኑን የእኔ ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። እሷ ባለቤት መሆን ግን አትችልም። ይህን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ አሳው መጣ።

አርብ፣ ዘጌ

በጠዋት ጀልባ ተከራየን። ባለ ጀልባው ወጣት ነው፤ ገና ሞተሩን ሳያስነሳ የትኛው ደሴት ሴት እንደማያስገባ ነገራት። ክብራን ገብርኤል ለወንድ ብቻ ነው። ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶች መነኮሳት የሚኖሩበት ነው። «እህቴ፣ አንቺን እንጦስ ላወርድሽ እችላለሁ፤ እሱን ክብራን» አላት። «ሁለታችንንም ዘጌ አውርደን» ብላ ገላገለችው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚገኘው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን በዛ ቢባል 15 ሜትር አካባቢ ነው። ጀልባው ላይ ይህን ስነግራት ወደ ውሃው አጎንብሳ አየች እንጂ አላመነችኝም። ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ይህን ያህል ስስ የሆነ ሐይቅ አፈር ሲገባበት ቶሎ ይጎዳል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ ከደጋው እያጠቡ የሚያመጡት ደለል የሚያርፈው እዚሁ ነው። ከላይ ዛፍ ሲቆረጥ እዳው እታች ይወርዳል።

ዘጌ ደሴት ሳትሆን ወደ ሐይቁ የገባች ባሕረ ገብ ምድር ናት። ከባህር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስንወርድ መንገዱ ግራና ቀኝ በስዕል፣ በመስቀልና በትናንሽ ደንገል ታንኳዎች ሻጮች የተሞላ ነው። ያንን አልፈን ጥላው ውስጥ ስንገባ አየሩ ተለወጠ። ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ። ከሥር ቡና። የቡና ለቀማው ወቅት ስለሆነ በየደጁ ሰሌን ላይ ቀይ ፍሬ ተሰጥቷል። ጦጣዎቹ ከላይ ሆነው ያዩታል። ብርብራ ጥላ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን አሳ ያደነዝዛል። አሳ አስጋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአደባባይ ግን የሚያወራው የለም።

ያስጎበኙን ሽማግሌ የዚያው ተወላጅ ናቸው። ጋሼ እንበላቸው። እንደ ሌሎቹ አስጎብኚዎች ከነገሥታት አልጀመሩም፤ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀመሩ። ጻድቁ ዘጌን ሲያቀኑ በትራቸው ሦስት ቦታ ሆኖ ከአንዱ ቡና፣ ከአንዱ ጌሾ፣ ከአንዱ ሎሚ በቀለ ይባላል። ከዚያም ለዚህ ምድር ሰው በእነዚህ ይኑር፤ አይረስ፣ ከብትም አይርባ ተብሎ ቃል ታሰረ። እስከ ዛሬ ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። ጤፉ ከውጭ በቡና ገንዘብ ተገዝቶ ይገባል።

የአክስቴ ልጅ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

«ጋሼ፣ ይህን ውል የፈረመው ማን ነው?»

«ማን ይፈርማል ልጄ? ግዝት ነው።»

«ያፈረሰ ሰውስ ምን ይሆናል?»

«ያፈረሰ ሰው?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «እኔ እስካሁን በሬ ጠምዶ የደፈረ ሰው አላየሁም።»

እሷ ትናንት ማታ የነገረችኝ ውል፣ ያ ጠበቃና መዝገብ ቤት የሚጠይቀው፣ እዚህ በቃል ብቻ ከመቶ ዓመታት በላይ ጸንቷል። ከዘጌ ማዶ ያለውን ገላጣ መሬት ከጀልባ ላይ ያየ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። እኔ ግን ነገሩን አላስውበውም። ግዝቱ ማረሻን ከለከለ፤ መጥረቢያን ግን ያን ያህል አልያዘውም። ከሰዓት በኋላ ወደ ዳርቻው ስንወርድ ማገዶ የጫነ ታንኳ ሲነሳ አየን። ደንገሉ ግማሽ ድረስ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል። እንጨቱ በወገቡ ልክ ተከምሯል። ቀዛፊው ኋላ ላይ በርከክ ብሎ በቀርከሃ ግራ ቀኝ እያለ ወደ ባህር ዳር አቀና። የአንድ ቤት የሳምንት ገቢ ማለት ያ ነው።

«ይህማ መከልከል አለበት!» አለች።

ጋሼ አልተቆጡም። «ቡናው በዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው። ልጅ ግን በየቀኑ ይበላል» አሏት።

የዘጌው ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባነው ከዚህ ቀደም ብለን ነው፤ አሁን ላስታውሰው። ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች ስዕል ነው። ቄሱ መቋሚያቸውን እያነሱ አንድ በአንድ ያሳያሉ። በላዔ ሰብእ ጋ ስንደርስ ቆሙ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። በሚዛን ሲመዘን ያቺ ጥርኝ ውሃ ከበደች። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እዚያ ቆሜ ሳየው ግን አንድ ነገር ነገሩን ለየት አደረገብኝ፤ ውሃው የተሰጠው ለተጠማ ሰው ነው። ማንም ለተጠማ ሰው ስሙ የተጻፈበት ጽዋ አይሰጥም።

ስለ ስጦታ ጠየቅናቸው። ሰው ምን ያመጣል? ጥላ ያመጣል፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ፣ ዕጣን። የተሻለ አቅም ያለው ቆርቆሮና ሲሚንቶ። «ለዛፉ የተሳለስ አለ?» አለች።

ቄሱ ሳቁ። «ልጄ፣ ለዛፍ የተሳለ ሰው አይቼ አላውቅም። ዛፉ እኮ ራሱ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው። ያለ ልብስ ቤተ መቅደስ የለም። ሰዉ ግን ውስጡን እንጂ ልብሱን አያይም።»

ቅዳሜ፣ ባህር ዳር

ገበያ ወጣን፤ የሚጻፍ ብዙ የለውም። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር መረቡን የሚጠግን አሳ አስጋሪ አግኝተን ስለ እምቦጭ አወጋን። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የሚበረታው በሰሜን ምሥራቁ በኩል፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ዳርቻ ነው። ባህር ዳር የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ በዜና ነው የሚያየው። አረሙ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ደግሞ ደለል ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይኖራል።

ለእምቦጭ የተሰበሰበው ገንዘብ ብዙ ነበር። ከውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን አዋጥተው ማሽን ልከዋል፣ ተማሪው ዘምቷል፣ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ሰውዬው የሚያስታውሰው ገበሬውን ነው። «ማሽኑ ነዳጅ ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ይቆማል» አለን። የተነቀለውም ዳር ላይ ከተከመረ በዝናብ ተመልሶ ይገባል። በዚያ ላይ ከእርሻው እየታጠበ የሚገባው ማዳበሪያ ለአረሙ ቀለቡ ነው። ማሽን የገዛ ሰው ፎቶ አለው። ከእርሻው ዳር ሣር ተክሎ ማዳበሪያው ሐይቅ እንዳይገባ ያደረገ ገበሬ ግን ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡ ለምዝገባው ብዙ ደግፏል። ክልሉ ወደ 700 ሺህ ሄክታር ይጠጋል፤ ጥብቅ የሆነው ቀጠና አለ፣ መከለያው አለ፣ ሰው የሚያለማበት አለ። በካርታ ላይ ያምራል። አሳ አስጋሪውን የየትኛው ቀጠና እንደሆነ ስጠይቀው መረቡን ትቶ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ የማውቀው ባህር ሸሽን ነው» አለ። ሐይቁ ሲሸሽ የሚታረሰውን መሬት ማለቱ ነው፤ በየዓመቱ ሰው የሚጣላበትን።

እሁድ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ

ይህች ቀን ናት የጉዞው ቁም ነገር።

ከባህር ዳር ወደ ደቡብ ጎንደር አቅጣጫ በሚወስደው መንገድ ወጥተን፣ አስፋልቱን ትተን በሚያንገጫግጭ ጥርጊያ ገባን። የደብሩን ስም አልጽፍም፤ ነገሩ ገና በሂደት ላይ ነው። ከሩቅ ስታዩት ዙሪያው ሁሉ አጨዳው ያለቀ የጤፍ ማሳ ነው፤ ቢጫ። መካከሉ ላይ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ክምር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም። ደኑ ነው የሚታየው።

የእነዚህን ደኖች ነገር ለዓለም ያሳወቁት የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። ለዶክትሬት ጥናታቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ዞረው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። በኋላ በዛፍ አናት ጥናት ከምትታወቀው አሜሪካዊት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው አንድ ቀላል ነገር ጀመሩ፦ የድንጋይ አጥር። ገንዘቡ በአሜሪካ ከሰዎች ይሰበሰባል። ድንጋዩን ገበሬው ከማሳው ለቅሞ ያመጣል፤ ማሳውም ለማረሻ ይመቻል። የት ላይ ይታጠር፣ በር በየት ይሁን የሚለውን ቄሶቹና ምእመናኑ ይወስናሉ። ድንጋዩም ጉልበቱም ሐሳቡም የአገሬው ስለሆነ ማንም የፈረንጅ ፕሮጀክት አይለውም።

ለምን አጥር? ይህን ያስረዱን የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ናቸው፤ ገበሬ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ይዘውን ደኑን ዞሩ። እዚህ ደብር አጥሩ የደረሰው ግማሽ ድረስ ነው። ሌላው ወገን ክፍት ነው። እና ልዩነቱን በአንድ እርምጃ ታዩታላችሁ።

ክፍት በሆነው በኩል መሬቱ ጠንክሯል። የከብት ኮቴ ደርቆበታል። ትላልቆቹ ወይራና ዝግባ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ምንም የለም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት። ዛፉ ዘር ይጥላል፣ ዘሩ ይበቅላል፣ ጥጃ መጥታ ትበላዋለች። እንዲህ እያለ ደኑ ቆሞ እያለ ያልቃል። ከጠርዙ ደግሞ ማረሻው አለ። «በዓመት አንድ ትልም ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። «አንድ ትልም ማንም አያየውም። አባቴ ያረሰው እዚያ ድረስ ነበር። እኔ እዚህ ድረስ።»

አጥሩ ባለበት በኩል ሊቀመንበሩ ተንበርክከው ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ጣት የሚያህል የዝግባ ችግኝ። ከጎኑ ሌላ። አጋም። ቀጋ። አንድ ክንድ የደረሰ ወይራ። አፈሩ ለስለስ ብሎ እርጥብ ነው፤ ቅጠል ተነባብሮበታል። የአክስቴ ልጅ እጇን ከተተችበትና ቆየች።

አጥሩ ራሱ ሲሚንቶ የለውም። ከታች ትልልቁ ድንጋይ፣ ከላይ እያነሰ፣ በመካከል ጠጠር እየተጎሰገሰ። ከወገብ በላይ አይደርስም። ሰው በበሩ ይገባል፤ ከብት ግን አይዘለውም። ድንጋይ ሲወድቅ ማንም መልሶ ያነሳዋል። መለዋወጫ የለውም።

አንድ ያልወደድኩት ነገርም አለ። ከደኑ በስተ ኋላ አዲስ አዳራሽ ሊሠራ መሠረት ተቆፍሯል፤ ለዚያ ሦስት ትልልቅ ዛፎች ወድቀዋል። ጉቶአቸው ገና እርጥብ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ለገቢ የተተከለ ባሕር ዛፍ አለ። አዳራሹ በስጦታ ነው የሚሠራው። ሰጪው ከከተማ ነው፤ ስሙ በእምነበረድ ላይ ይወጣል ተብሏል። እኔ ብሆን ይህን ስጦታ እመልሰው ነበር። ሊቀመንበሩ ግን «ስጦታ እንዴት ይመለሳል?» አሉኝ። ደሃ አጥቢያ ላይ ቆሞ ለዚህ ቀላል መልስ የለም።

የአክስቴ ልጅ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የእምነበረድ ነገር እሷም በልቧ ነበራት። አውቃለሁ፤ ጽሑፉን ስልኳ ላይ አሳይታኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አላነሳችውም።

ሰኞ፣ እዚያው ደብር

ጠዋት ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። የሰበካ ጉባኤው አባላት፣ ሁለት ቄሶች፣ አንድ የቀበሌ ሰው፣ ጥቂት እናቶች። ቡና ተፈላ። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ።

የእሷ ሐሳብ አጭር ነበር። ገንዘቡ የቀረውን አጥር ለማስጨረስ ይውላል፤ ለግንበኞቹ ቀለብና ለድንጋይ ማጓጓዣ። በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሥራ ሲጀመር፣ ሁለተኛው አንድ ክረምት አልፎ አጥሩ ቆሞ ሲገኝ። ሁሉም በካርኒ። በምላሹ ደብሩ ከአጥሩ ውስጥ ሌላ ሕንፃ አይሠራም፣ ባሕር ዛፍ አይተክልም፣ ከብት አያስገባም።

ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እኔ እንደ ስብሰባ ይሰለቸኛል ብዬ ነበር፤ አልሰለቸኝም። «ሕንፃ አይሠራም» የሚለውን ቄሶቹ አልቀበልም አሉ፤ ቤተ ልሔም ቢፈርስስ? «ባለበት መሠረት ላይ ይታደሳል» ተብሎ ተስተካከለ። መቃብሩ ከደንቡ ወጣ። የሣሩ ነገር ከባድ ነበር። ከብት ካልገባ ሣሩ የማን ነው? አንዲት እናት ተነሥተው «ድርቅ ሲሆን ላሜን የማበላት ከዚያ ነው፤ አጥራችሁ እኔን ነው የሚያጥረኝ» አሉ። ዝም ተባለ። በኋላ ሣሩ በማጭድ እየታጨደ ከብቱ ባለበት እንዲቀርብ፣ መጀመሪያም አቅም ለሌላቸው እንዲሰጥ ተወሰነ። እኔ ከሁሉም አንቀጽ ይህን ወደድኩት። አርብ ያየነው የዘጌው ማገዶ ጫኝ ይህን የሚያህል አንቀጽ ቢኖረው ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

ቅጣቱን ያመጡት ሊቀመንበሩ ናቸው። ከብቱ ውስጥ የተገኘበት ሰው ገንዘብ አይከፍልም፤ ድንጋይ ያመጣል። ስንት? አምስት ሸክም። «አምስት ለእኔ ትንሽ ነው፤ ጥጃዬ ዐመለኛ ናት» ብሎ አንዱ አሳቀን። አሥር ሆነ። ከዚያ ቄሱ ተነሥተው ከውሉ በላይ ግዝት እንደሚጨምሩበት ተናገሩ። የቀበሌው ሰው ይህን ቃለ ጉባኤው ላይ ለመጻፍ ሲያመነታ አየሁት። ሌላው ሰው ግን ከውሉ ይልቅ ለዚህ ነው ራሱን የነቀነቀው።

በመጨረሻ ስለ አባቷ ጠየቋት። ስማቸው ድንጋይ ላይ እንዲወጣ ትፈልግ እንደሆነ። አይ አለች። «እንግዲያው በቅዳሴ እናስባቸዋለን፤ የክርስትና ስማቸውን ስጪን» አሏት። አታውቀውም። ሚኒሶታ ሌሊት ነው፤ ቢሆንም እናቷ ጋ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማን። አክስቴ ከእንቅልፏ ነቅታ ስሙን ነገረቻት፤ ቀጥላም «ለደን ደግሞ የክርስትና ስም ምን ያደርጋል?» አለች። ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ።

ቃለ ጉባኤው በሦስት ቅጂ ተጻፈ። ሁሉም ፈረመ፤ መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን አሳረፈ። ማህተም ግን አልተገኘም። ማህተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይመጣል ተባለ። የእኛ በረራ ማታ ነው። ሊቀመንበሩ ስልክ ቁጥሬን መዝግበው ማህተሙ ሲያርፍ በቴሌግራም ፎቶውን እንደሚልኩልኝ ነገሩኝ። የመጀመሪያው ክፍያ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው።